ከባሕር ጠለል በላይ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ምናምን ሜትር፤
ከክፍያው በር ወዲህ፣ ከጠጠር ክምር ሥር፣
ሁለት ክፍል ኪራይ፣ የቆርቆሮ አጥር።
አከራዬ ጋሽ ሺበሺ የባሕር ኃይል ሰው ነበር፤
ዛሬ እሱም መርከብ የለው፣ እኛም ባሕር የለን፤
የቀረው የጆሮ ማዳመጫ፣ ገመዱ የተበጠሰ፣
ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ፣ አቧራ የለበሰ።

እኔ የማታ ፈረቃ ነኝ። ደረሰኝ እቆርጣለሁ፤
ተሳቢ ሲመጣ ዘንጉን አነሣለሁ።
ከጅቡቲ የመጣ ኮንቴይነር፣ ጎኑን ጨው የበላው፣
ውስጡን አላውቀውም፤ ክብደቱን ነው በጥርሴ የማውቀው።
ሲያልፍ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፣
ብርጭቆ ከብርጭቆ ቁምሳጥን ውስጥ ይጋጫል።

እትዬ የሺመቤት የባሏን ስም የተወችው ይመስለኝ ነበር፤
ራት ሲደርስ በጭልፋ የብረቱን በር
ቀጭ፣ ቀጭ።
«ምን አልሽ?»
«ምንም!»
«ምን?»
«ምንም አልኩህ እኮ!»
እንዲህ ነው ወጋቸው፤ ጩኸት ከጩኸት ታክኮ።

አንድ እሑድ ጫማዬን ስጠርግ፣ ሳልጠይቀው ጀመረ፤
«ባሕር ዝም ይላል የሚል ሰው ጆሮውን መቼ ነከረ?
ዳህላክ ማዶ፣ ሌሊት፣ ሞተር አጥፍተን ስንንሳፈፍ፣
በዚህ ማዳመጫ ይመጣል፤ ፉጨት በፉጨት ላይ ሲያልፍ።
ዶልፊኖች ናቸው።
እያንዳንዱ የራሱ ፉጨት አለው፤ ስሙ ነው በይው፤
እናት ከመንጋው መሀል በዚያ ነው ልጇን የምትለየው።
ዓይን ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራል? ጠቅ፣ ጠቅ ይላሉ፤
ድምፁ ሄዶ፣ ዓሣውን ነክቶ ሲመለስ፣ በጆሮ ያያሉ።
ዓሣ ነባሪው ግን ሌላ ነው፤
በጆሮ አይደለም፣ በደረት ነው የሚገባው፤
የበገና ወፍራሙ አውታር፣ እሱን የሚመስለው።
ከዚህ ቢጣራ፣ አዳማ ያለው ‹አቤት› ይለዋል፤
ውኃ ድምፅ አይበላም፣ አደራ ይጠብቃል።

»ታዲያ አንድ ሌሊት መኮንኑ አዘዘ። ቁልፉን ተጫንኩ።
ያቺ መፈለጊያ ድምፅ ናት፤ ጠላት ካለ ነክታ የምትመለስ፣
እንደ መርፌ ቀጭን፣ አጥንት የምትደርስ።
ፉጨቱ ሁሉ በአንዴ ጸጥ፤
መርዶ እንደገባበት ሠርግ ቤት።
ሁለት ሌሊት አዳመጥኩ፤ ማንም ማንንም አልጠራም።
ጠላትም አልነበረም።
መዝገቡ ላይ ‹ምንም የለም› ብዬ ፈረምኩ።»

ዝም አለ። ጉሮሮውን ጠረገ።
«ዛሬማ ባሕሩም አውራ ጎዳና ሆነ ይላል ሬዲዮው፤
መርከብ ከመርከብ ኋላ፣ ቀንም ሌሊትም ያው።
አንዳንዱ ይጮኻል፣ ከጩኸቱ በላይ፤
አንዳንዱ አገር ለቆ ይሄዳል፣ መመለሱም ላይታይ።
የወለደችዋ ደግሞ ለልጇ በሹክሹክታ ነው የምታወራው፣
የሚበላ እንዳይሰማት። እስቲ በዚያ ሁካታ፣
ሹክሹክታን ማን...»
ባለ ሃያ ሁለት ጎማ አለፈ። የቀረውን አልሰማሁም፤
ከንፈሩን አየሁት እንጂ፣ «ምን አልክ?» አላልኩም።

ነሐሴ ላይ፣ ከገላን ወዲያ ተሳቢ ተገለበጠ፤ መንገዱ ተዘጋ።
ዘንጉን አውርጄ ቤቴ ገባሁ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።
ጸጥታው መጀመሪያ አመመኝ፤ ጆሮዬ ውስጥ ሲጮኽ።
ቆይቶ የጣሪያው ጠብታ መጣ፣
ከቦዩ አንድ እንቁራሪት፣
ቆይቶ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ እንደ ትንፋሽ፣
«ሽቤ።»

ሌላ ጠብታ።

«ሽቤ፣ ብርድ ልብሱን ወደዚህ።»
«ወይ... ሽቤ ማለት ደግሞ መቼ ጀመርሽ?»
«መች ተውኩ?»

ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልነበረም፤
ወይም ነበር፣ ለእኔ ጆሮ የሚሆን አልነበረም።

ሊነጋጋ ሲል መንገዱ ተከፈተ፤ ስልክ ተደወለልኝ፤ ሄድኩ።
መጀመሪያ የደረሰው ሰማያዊ ነው፣ ጨው ጨው የሚል።
ዘንጉ ላይ እጄ ቆየ። ትንሽ ነው፣
አንድ ስም ተጠርቶ «ወይ» እስኪባል ያህል።
ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ።