ስምንት እግር

ስምንት እግር አለው፣ ከሽንብራ አይበልጥም፤
ጥጉ ላይ ነጥብ አለች፣ እሷን የሳተ ሰው አንደኛውን አያገኝም።
«ከነጥቧ ጀምር» አለችኝ ኡርቬ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
አልኮል የጠጣ ጥጥ በጣቷ ጠቅልላ።
ታርቱ ላይ በረዶው ከሰኞ ጀምሮ ሳያባራ ይወርዳል፤
ወንዙ ጠጥሮ ሰው በላዩ ይሄዳል።

ሳጥኑ የካልዮ ነው፤ የሹራብ ማሽኑን የሚያዝበት፣
ሃያ ዓመት የበግ ጠጕር ብናኝ የተነፈሰበት።
በኅዳር የኔትወርክ ካርዱ ሞተ። አዲስ ገዛ፣ ሰካ፤
ባዮሱ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል ለካ።
«ይህን ካርድ አላውቀውም» አለ በነጭ ፊደል፤ አበቃ።
የቀጠረው ኩባንያ ከፈረሰ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ዘበኛው መርዶ አልደረሰውም፤ እንደቆመ ነው፣ ከነዱላው ከነኮቱ።
«ቤቱን ሸጡልኝ» አለ ካልዮ፣
«ቁልፉ ግን እነሱው ጋ ቀረ፤ ይዘውት ሞቱ።»

ገመዱን ነቀልን። ሳንቲም የምታህለዋን ባትሪ አወጣን።
ኡርቬ ቮልቱን ሁለቴ ለካች፤
«ለዚህኛው ሦስት ነጥብ ሦስት። አንድ ነጥብ ስምንት ለለመደ
ይህን ብታጠጣው፣ ገደልከው» አለች።
ክሊፑ ነከሰ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤
አየች፤ እንዳላየች አለፈች።

«አሁን ልጻፍ?»
«አሁን አንብብ። ያለውን ሳያውቅ የሚጽፍ ሟርተኛ ነው።»
አነበብኩ። ደገምኩ። ሠለስኩ።
የሁለቱ አሻራ አንድ፤ ሦስተኛው ግን የማንም ዘመድ አይደለም።
«ሁለት ለአንድ፤ ድምፅ ብልጫ!» ብዬ ቀለድኩ፤
«ቺፕ ምርጫ አያውቅም» ብላ ክሊፑን ነቀለች፣
እግሮቹን አንድ በአንድ እንደገና ጠረገች።
አራት ጊዜ አነበብን፤ አራቱም አንድ ቃል ሆኑ።
ቅጂውን በሁለት ፍላሽ አኖረችው፣ አንዱን ኪሷ፣ አንዱን መሳቢያ፤
«መሄጃ አይጠፋም» አለች፣ «ችግሩ መመለሻ።»

ሌሊቱን ሠራነው፤ ብዙ የማናውቀው እጅ የጠጋገነውን ኮድ
እየለቀምን፣ እየተውን፣ እየሰፋን።
ዘበኛውን አላባረርነውም፤
በዚያው መሬት ላይ ዘበኛ የሌለው ሌላ ቤት ሠራን።

ከዚያ ጻፍን።
ኡርቬ ድመቷን ወደ ኮሪደሩ አስወጣች፣ በሩን ቆለፈች፤
ከጠረጴዛው ስር፣ መብራት ቢሄድ ብላ፣ የመኪና ባትሪ አስቀምጣለች።
ስድስት ደቂቃ ማንም አላሳለም።
መቶ ከመቶ። ተረጋገጠ። ማብሪያውን ተጫንኩ።
ማራገቢያው ዞረ።
ስክሪኑ ጥቁር።
ዞረ፣ ዞረ። ጥቁር።
ካልዮ ኮፍያውን አወለቀ፣ ቀብር ላይ እንደሚወለቅ።

ጥፋቱ የኔ ነበር፦ ለስክሪኑ ዓይን የሚሰጠውን ፋይል
በጥድፊያ ዘልዬዋለሁ። ለመናገር አፌ ደረቀ።
ኡርቬ አልተቆጣችም፤ እጇን ኪሷ ከተተች።
አሮጌውን መለስነው።
«ይህን ካርድ አላውቀውም» አለ ነጩ ፊደል፣
እኛም ሦስታችን ሳቅን፤
ሞተ ያልነው አጎት ከአልጋው ቀና ብሎ ሲሳደብ
ስድቡ እንደ ምርቃት ጣመን።

ሊነጋጋ ሲል ዳግም ጻፍን፣ አሁን ከነዓይኑ።
ያለ አርማ፣ ያለ ቀለም፣ አንዲት ነጭ መስመር መጣች፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ማሽኑ።
ካርዱን «ከየት መጣህ» ያለው የለም።
ካልዮ ሳጥኑን ካፖርቱ ውስጥ፣ እንደ ጠቦት፣ አቅፎ ወጣ፤
ሂሳቡን እንኳ ረሳ፣ ከደረጃው ሥር ተመልሶ መጣ።

ኡርቬ ፍላሹ ላይ ስሙንና ቀኑን ጻፈች፤ መሳቢያውን ዘጋች።
«ከእንግዲህ በሩ የኛ ነው፣ ማርጉስ» አለች፣
«ውጭ የቀረ ሰው ቢኖር፣ ተጠያቂው ኩባንያ አይደለም።»
ይህን ብላ ሳትጨርስ
ከኮሪደሩ በኩል መዝጊያው ተቧጠጠ፤
ሌሊቱን ሙሉ ረስተናት የነበረች ድመት።