የዓርብ ጠዋት ጭቃ

ዝናብ ሐሙስ ማታ ደክሞት አረፈና፣
ዓርብ ማለዳ ፀሐይ ወጣች እንደገና።
ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ሳልተኛ፣
"አባ፣ ቃል ገብተሃል!" አለች የቤቱ ዳኛ።
ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቃል የገባላት ሰው፣
እንቅልፍ ቢገድለውም ታሂል አትምረው።

ጫማ ተፈለገ፣ ተገኘ አልጋ ሥር፣
የኔሪያ ካልሲ ሁለት ዓይነት ነበር፤
"ምን አለበት" አለች አዛለች ስትስቅ፣
"አበባ እንደ ሰው ካልሲ አይጠይቅ።"

መኪናችን አርጅታ፣ ተሰብሮ መስኮቷ፣
ላስቲክ ለጥፈንበት ያፏጫል ከአናቷ፤
እሱው እያፏጨልን ከነቲቮት ወጣን፣
የስንዴውን ማሳ አልፈን ሾቀዳ መጣን።

ያን ጊዜ ሁላችን ዝም አልን።
አንድ ሰው በርበሬ አስጥቶ
ዝናብ ሲመጣ ረስቶት የሄደ ይመስል፣
ከዛፍ እስከ ዛፍ ድረስ
ምድሩ ቀይ ነው።

ጎንበስ ብዬ አንዲቱን በጣቴ ይዤ ሳለሁ፣
"አባ፣ ክልክል!" የሚል ፍርድ ከኋላዬ ሰማሁ።
"ካላኒት አይቀጠፍም፤ መምህሬ ነግራናለች፣
እዚያው ታይቶ እዚያው ይቀራል" እያለች።
እኔ የገበሬ ልጅ፣ ሣር አጭጄ ያደግሁ፣
ለአንዲት አበባ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ።

አዛለች ግን ወዲያ፣ ከመንገዱ ዳር፣
ቀሚሷን ሰብስባ ተንበርክካ ነበር።
"ና እስቲ ተመልከት! ልት ነው የእኛው ልት፣
እንደ አረም በቅሎ፣ ማንም ሳያይለት።
እናቴ በዚህ ነው ራሴን የምታጥበኝ፣
ለታሂል ፀጉር ልውሰድ፣ እስቲ ፌስታል ስጠኝ።"
ዳኛዋን ጠየቅን፤ አሰበች፣ አሰበች፣
"ቀይ ስላልሆነማ፣ ይቻላል" ፈረደች።

የዳቦው ፌስታል በልት ሞላ።
ኔሪያ ቅጠሉን ትቶ ጭቃውን ለቀመ፤
ጭቃውም በተራው እሱን ለቀመው፣
አንድ ጫማው ገብቶ አልወጣ አለ፣
እግሩ ብቻ መጣች፣
ሰማያዊ ካልሲ ያላት እግር።
በእንጨት ቆፍሬ አወጣሁለት፤
ሲወጣ እንደ ላም ምላስ ጮኸ።

ከሕንፃችን ደጅ፣ ከፕላስቲክ ወንበሯ ላይ፣
ማዳም ፎርቱና ፌስታሉን ከሩቅ ስታይ፣
"ኩቤዛ!" ብላ ተነሣች፤ ጉልበቷ ሲታመም
ለሰው እንኳን እንዲህ ተነሥታ አታውቅም።
እናቷ በትሪፖሊ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚ...
"ይበላል እንዴ?" አለች አዛለች።
"ራስ ይታጠቡበታል እንዴ?" አለች ማዳም ፎርቱና።
እኔ እንቅልፌን በዓይኔ፣ ልጄን በትከሻዬ ተሸክሜ ቆሜ፣
ሁለት ሴቶች በተሰባበረ ዕብራይስጥ
ስለ አንድ ቅጠል ግማሽ ሰዓት አወሩ።
የፌስታሉ እኩሌታ እዚያው ቀረ።
ከተረፈን ከፊሉ ለድስት፣ ከፊሉ ለፀጉር ሆነ።
(ሎሚው ግን ለሁለቱም ይስማማል።)

ሰንበት ልትገባ ስትል፣ ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ሲል፣
በረንዳ ተቀምጬ፣ ጫማ በጉልበቴ ላይ ሲቆለል፣
የደረቀውን ጭቃ በአሮጌ ቢላ ስፍቅ፣
ከኔሪያ ሶል መሀል አንድ ቀይ ነገር ብቅ።
የካላኒት ገላ ነው፣ ልክ እንደ ጥፍር ስስ፣
ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ጠርዙ እንኳን ሳይበጠስ።

ታሂል መጣች። አየች። ፊቷ ኮስተር አለ።
"ማን ነው የቀጠፈው?" የሚመልስ የለ።
ኔሪያ ብቻ፣ ጣቱን እየጠባ፣
"ጫማዬ" አለ።

ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።
ከዚያ በሁለት ጣቷ አነሣችው፣
እፍ አለችበት፣
በሒሳብ ደብተሯ ገጾች መሀል አስተኛችው፤
ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላም፣
"ለመምህሬ እንዳትነግር።"

አልነግርም አልኳት። ቃል ገባሁ እንደገና።
እና እዚያው በረንዳው ላይ፣
ቢላው በእጄ፣ ሌላው ጫማ በጉልበቴ እንዳለ፣
የሐሙሱን ሌሊት እንቅልፍ
ጀመርኩት።