የእርሳስ ሳጥን

ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
ካርቶን ላይ ክብ ስዬ ኢላማ አስተኩስ ነበር፤
ጠመንጃዬ የአየር፣ ሰደፉ በሽቦ የሚታሰር፣
አምስት ተኩስ፣ አሥር ብር።
ወታደሩ ይስታል፣ ሊስትሮው አይስትም፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

መንገዱ ሲሰፋ የእኔ ጥግ ጠበበና
ጠመንጃዬን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ገባሁ እንደገና
ወደ ቤቴ፣ ወደ እሪ በከንቱ።
ከበሩ እስከ ጓዳው መጋረጃ ርዝመቱ
ስምንት እርምጃ ነው፤
ዘጠኝ ይሞላል፣ አልጋው ከተነሣ ከፊቱ።

ሥራ የፈታ ዓይን ይዶለዱማል ብዬ
የቲማቲም ሳጥን አመጣሁ ከጉሊት በትከሻዬ፤
ከበያጁ ከሙዘይን ቁራጭ ላሜራ ለመንኩ።
«ምን ልትሠራበት ነው?» ቢለኝ «ወጥመድ» አልኩ።
«ለአይጥ?»
«ለእርሳስ።»
ሳቀብኝ፤ እኔም በሳቁ መሐል ሳልከፍል ሄድኩ።

ላሜራ ቀጥ ብሎ ከቆመ መልሶ ይተፋል፣
የተፋው ዓይን ያጠፋል፤
ጋደል ካደረጉት ግን ጠባዩ ይለዝባል፣
እርሳሱ አንገቱን ደፍቶ ከሥሩ አሸዋ ይገባል።
ሦስት ጣት ያህል አጋደልኩት፣
ፊቱን በብስኩት ካርቶን ሸፈንኩት።

የእህቴ ልጅ አቤኔዘር «ምንድን ነው?» አለኝ።
«የእርሳስ ሳጥን» አልኩት።
ደብተሩን ጥሎ ሮጠና
የተሰባበሩ እርሳሶቹን ሁሉ ሰብስቦ አመጣልኝ።

ተኮስኩ። ቋ!
ደገምኩ። ቋ!
በሦስተኛው፣ ከግድግዳው ማዶ፣ ሳህን ወድቆ ተንቋቋ፤
የእትዬ አጸደ ድምፅ ተከተለ፣
«ይሄኛውስ የማን ነው?» እያለ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ጨው ስንበዳደር
አልነገረችኝም ነበር፤
ኋላ ነው የሰማሁት።
በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ከዚሁ ግድግዳ ሥር፣
ሌሊት ተጋድማ፣ ቋ ባለ ቁጥር
የሰፈሩን ልጆች ስም በተራ ስትደረድር፣
አንዱን ብቻ እየዘለለች።

ለካ ጥይቱን ብቻ ነበር የያዝኩት፤
ድምፁ አምልጦኝ ኖሯል።
ሳጥኑን እንደ አዲስ ፈታሁት።
ያለቀ ጂንስ፣ የሹራብ እጅጌ፣ የምንጣፍ ቁራጭ ከተትኩበት፤
ከፊት ለፊት አሮጌ የስልክ ማውጫ አቆምኩበት፣
ቢደወልላቸው የማያነሱ ሰዎች ስም የሞላበት።
ቋ ይል የነበረው ጧ አለ፤ ጨመርኩ።
ጡፍ አለ፤ ጨመርኩ።
ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው «እፍ» እስኪል ድረስ ጠቀጠቅኩ።
በየተኩሱ መሐል ጆሮዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ፤
የሚወድቅ ሳህን የለም።

በሳምንቱ ራሷ መጣች፣ ትራስ በብብቷ ይዛ።
«ጥጥ ነው። ይሄንንም ክተተው።
ከሰባ ወዲህ የተንተራሰው የለም።»
ዱካ ላይ ተቀመጠች።
«በል ተኩስ።»
እፍ።
«ድገም።»
እፍ።
«ታዲያ የት ገባ?»

አሸዋውን በወንፊት ነፋሁላት፤
ምስር ክክ የመሰለች ጠፍጣፋ እርሳስ መዳፏ ላይ ጣልኩላት።
ዓይኗን ጨፍና መዘነችው።
«ይህን ታህላለች እንዴ?» አለችና
ለአቤኔዘር ሰጠችው።

ልጁ ደብተሩ ላይ ጫር ቢያደርገው ግራጫ መስመር ወጣ።
«ይጽፋል!» አለ።
«እጅህን ትታጠባለህ» አልኩት እኔ በቁጣ።

እትዬ አጸደ ዱካዋን ወደ ልጁ አስጠጋች፤
አንድ ስም ነገረችው፣ ፊደል በፊደል፣
ጽፎ እስኪጨርስም ጠበቀች።