ሁለተኛው ግልገል

ታኅሣሥ፣ ማክሰኞ ነው፤ ከሱሉልታ ዳርቻ
ሌላ ድምፅ አይሰማም፣ የብየዳ ብቻ።
የኦቦ ሚደቅሳን ቦራዋን በግ ይዘን፣
ከቆርቆሮው አጥር በጉልበት አጣብቀን፣
ስክሪኑን ከፀሐይ በካፖርት ጋርደን፤
ከጡቷ አጠገብ፣ ፀጉር ከሌለበት፣
ቀዝቃዛውን ጄል በጣቴ ቀባሁት
(ሊያልቅብኝ ስለሆነ ውሃ ጨምሬበት)።

መጀመሪያ ዝናብ።
የእነ አብነት ብየዳ እሳት በጫረ ቁጥር
ስክሪኔ ላይ ይወርዳል ነጭ የመስመር ጠጠር።
«አንድ አፍታ አጥፉልን!» ብዬ ብጮህ በአጥር፣
«የሰው በር ነው፣ እህቴ፤ ለዛሬ ነው ቀጠሮው!»
አለኝ፤ ዝናቡም ቀጠለ፣ እሱም ቀጠለው።

ቀጥሎ ጥላ ነው፤ አጥንት አስቀድሞ
ድምፁን መለሰብኝ፤ ከጀርባው ጨልሞ
ወረደ አንድ ሰንበር፣ እንደ ግንድ ቆሞ።
እዚያ ውስጥ ግልገል አለ? ወይስ የለም? ማን ያውቃል፤
ጥላ ሲጠይቁት መቼ መልስ ይሰጣል።

ከቀጠነው ጄል ስር አየር ሾልካ ገብታ
አንዲቷን መስመር ደገመቻት ተርታ፣
እንደ ቅጣት ጽሑፍ፣ በልጅነት ደብተር፣
«ሁለተኛ አልረብሽም» አርባ ጊዜ፣ በመስመር።

ኮሌጅ ሳለን መምህራችን ይሉን ነበር፦
ድምፅ ትልካላችሁ፣ ማሚቶ ነው የሚመጣው፤
የገደል ማሚቶ ስማችሁን ብትጠራ
ሰው አለ አይባልም ከገደሉ ጋራ።
ጽፌዋለሁ ይህን። አስምሬበታለሁ።

ከዚያ ግን አየሁት።
በጥቁር ውሃ መሀል ባቄላ የሚያህል ነጭ ነገር፣
ውስጡ ጭል ጭል የሚል ልብ።
ከሥሩ ደግሞ ሌላ፤ ያው ቁመት፣ ያው ጀርባ፣
አንዱ ሲዞር የሚዞር፣ አንዱ ሲመታ የሚመታ።
«መንታ!» አልኩ። ከአፌ ወጣች። «ኦቦ ሚደቅሳ፣ መንታ!»

ያኔ ነበር መጠርጠር፤
የትኞቹ ወንድማማቾች እንዲህ ይስማማሉ?

ልጃቸው ሲፈን ዘለለች፤ ስም አወጣች ወዲያው፦
«ቶኮ ነው አንደኛው፣ ለማ ሁለተኛው።»
በእሷ ቋንቋ ለማ ሁለት ማለት ነው፤
በእኔ ለማ ያው ለማ ነው፤ በዛ፣ በረከተ።
ሁለቱንም ሰማሁ፣ ሁለቱም ጣፈጠኝ።

ፉርሽካ ነጋዴው ሸምሱም ከበር ላይ ሰምቶ፣
ለማን ገዛ በሦስት ኩንታል፣ ተጨባብጦ፣ ተማምኖ።

ሚያዝያ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ።
«ቶኮ መጣ» አሉኝ ኦቦ ሚደቅሳ። «ለማ ግን ቆየ።»
ጎህ ሲቀድ በባጃጅ ደረስኩ። ባትሪውን
እንደያዙ ቁጭ ብለዋል፤ ድንጋዩ ቂጣቸው ስር ሞቋል።
ክንዴን ታጥቤ፣ እጄን ሰደድኩ፣
የማህፀኗን ጥግ ሁሉ ዳሰስኩ፦
እትብት። የእንግዴ ልጅ። ሙቀት። ሌላ ምንም።
እጅ ጥላ አይጥልም፤ እጅ አይደጋግም።

«ለማስ?» አለች ሲፈን፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ።
በአንጀቷ ውስጥ ያለ አየር፣ አልኳት፣ እንደ መስታወት ሆኖ
ቶኮን ሁለት አድርጎ አሳየኝ እንጂ…
አሰበች ትንሽ።
«እንግዲያ አልሞተማ» አለች፤ ተመልሳ ተኛች።

ሸምሱ ረፋዱ ላይ መጣ። ሳቀ፤ ሳቁን ዋጠው፦
«ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እሰማ ነበር፣
በግ አለኝ በስክሪን ሆነ የእኔ ነገር!
ፉርሽካዬን ግን የበላችው በእውን ነው።»
አንዱን ኩንታል እኔ፣ አንዱን ኦቦ ሚደቅሳ ከፈልን፤
ሦስተኛው እስከ ዛሬ ያከራክረናል።

አሁን መንታ ሳይ በጉን አዞራለሁ፣
እስክትሸና ቆሜ እጠብቃለሁ፣
ጄሉን በውሃ ማቅጠን ትቻለሁ።
አብነትም ሲያየኝ ብየዳውን ያጠፋል፤
ወሬው ከአጥር አልፎ ደርሶታል መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ
ቶኮ ከአዲሱ ፎቅ ግርጌ ሣር ይነጫል፤
አንገቱ ላይ ሁለት ቃጭል።
«ለአንድ በግ ሁለት ምን ያደርጋል?»
«አንዱ የለማ ነው» አለች ሲፈን፣ ቀና ሳትል።

ቶኮ ሁለት እርምጃ ሄደ፤
ቃጭሎቹ እኩል ጮኹ።