ሃያ ለሃምሳ ሰባት

ሞተሩ ከአሮጌ የጃፓን መኪና የተፈታ ነው፤
ፒስተን የለው፣ ቫልቭ የለው፤
ሦስት ማዕዘን ብረት ሆዱ ውስጥ እየዞረ
በደቂቃ ስድስት ሺህ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ አሸበረ።
ከፊቱ ያለው ፕሮፔለር ዋንዛ ነው፣ በእጄ የጠረብኩት፤
ሁለት ሺህ መቶ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ካስሮጥኩት
ጫፉ ድምፅን ልቅደም ይላል፤
መጎተቱን ትቶ ይጮሃል።
አራት ወር ሙሉ፣ ከጎማ ሱቁ ጀርባ፣
በአዳማ ሙቀት፣ በአንድ ጥያቄ፦ መሃላቸው ምን ላስገባ?

መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ሄድኩ፣ ወይዘሮ ትርንጎ ዘንድ።
«ቺንጊያ አድርግበት» አለችኝ፣ ዱቄት ለብሳ እስከ ክንድ፤
«ጎማ ቻይ ነው፣ የሞተሩን ቁጣ ውጦ ያስቀራል፤
ሊበጠስ ሲልም ያፏጫል፣ ቀድሞ ይነግርሃል።»
እውነቷን ነው። ግን ቺንጊያ ካልተወጠረ ያንሸራትታል፣
ሲወጠር ዘንጉን ወደ ጎን ይስባል፤
ኩሽኔታው እንደ ታመመ ጥርስ ይነዘንዛል።
ደግሞም ወፍጮ ቢቆም፣ እህሉ ያድራል።
እኔ ከወንጂ ሸንኮራ በላይ ሆኜ ቢበጠስ
የት አድራለሁ?

ሊበን ኮረብታው ላይ፣ ከንፋስ ተርባይኖቹ ጋር ነው የሚሠራው።
ቅዳሜ መጥቶ አየና ሳቀ፦ «የኛው ነው እኮ፣ ተገልብጦ!
እኛ ጋ ክንፉ እንደ ሽማግሌ ይዞራል፣ ካምቢዮው ያጣድፈዋል፤
አንተ ጥድፊያውን ይዘህ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣህ።»
ፀሐይና ፈለክ ስለሚሉት ነገረኝ፣
ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ስለሚወጣው፦
አንዷ መሃል፣ ስድስቱ ዙሪያዋን።
ቀላል ነው። ቆንጆም ነው።
አንዷ ፈለክ ብትሰነጠቅ ግን
ለማየት ሰማዩን በሙሉ መፍታት ነው።

«እንግዲያው ሁለት ጥርስ ብቻ፣ ትንሽና ትልቅ» አልኩ፣
ቶርኖ ቤት ለጋሽ ሙዘይን ወረቀቴን ዘረጋሁ፤
«ሃያ ለስልሳ። ሦስት ለአንድ። ንጹሕ ሒሳብ» አልኩ።
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፣
ከጢሙ የብረት ብናኝ አራገፈ፣ «ንጹሕ ሒሳብ ክፉ ነው» አለ።
«ይቺ ጥርስ እድሜዋን ሙሉ
እነዚያኑ ሦስቱን ብቻ እየመላለሰች ትነክሳለች፤
ጉድፍ ካለባት እዚያው ትቆፍራለች።
ሃምሳ ሰባት አድርገው።
ያኔ ሁሉም ከሁሉም ይገናኛል፤
ያው ከያው ጋር ሊነካከስ ሃምሳ ሰባት ዙር ይጠብቃል፤
እስከዚያ ቂሙ ይበርዳል።»

ማታ ለአያንቱ ነገርኳት።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በዚያው ጥርስ፣ በዚያው ቦታ፤
እሷ በቤንዚኑ ወጪ፣ እኔ በዝምታ።
«ሰውዬው አግብቷል?» ብላ ጠየቀች።
«ሁለት ጊዜ።»
ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ፤ ሳህኑን አስቀምጣ ሳቀች።

ተቆረጠ። ሞተሩና ጥርሱ መሃል
የጭነት መኪና የባልስትራ ጎሚኒ ገባ፣
የትርንጎም ምክር እንዳይቀር።
እሁድ ማለዳ፣ ንፋሱ አቧራውን ሳያነሳ፣
ያለክንፍ የቆመውን አውሮፕላን ጅራቱን
ከሊበን ኢሱዙ ጋር በሰንሰለት አሰርነው።
ስድስት ሺህ ገባ፤ ሁለት ሺህ መቶ ወጣ።
«የቀረውስ ዙር የት ሄደ?» አለ የጎረቤት ልጅ፣ ጆሮውን ይዞ።
ለመመለስ ስል ሰንሰለቱ ተወጠረ፤
የእጅ ፍሬኑ የተያዘው ኢሱዙ
አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ተንፏቀቀ።

ቤት ገብቼ አሰላሁት፦
ሃምሳ ሰባት ዙር ማለት
ከግማሽ ሰከንድ ጥቂት ቢያልፍ ነው።
ለአያንቱ እስካሁን አልነገርኳትም።