ያነሱት አልነሳ ሲል

ሊዬፓያ ወደብ፣ ከሌሊቱ ስምንት፤
የባልቲክ ነፋስ በር ይደበድባል።
የዓሣ ፋብሪካው ሰርቨር ጢም ብሎ ሞልቶ
ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ ላይ ያጓራል።

ድዚንትራ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።
የዲስኩን አሮጌ ምስል፣ የሦስት ዓመት ቅጽበት፣
ልታጠፋው ነው፣ ቦታ እንዲገኝበት።
ጻፈች። ማሽኑም መለሰላት፦
«አልችልም፤ ተይዟል።»
ደገመች።
«ተይዟል።»
በማን እንደሆነ ሲጠየቅ አፉን ይዘጋል።

ምስል ሲወለድ ይነሳል፣
ሲሻርም ይነሳል፤
ይኼኛው አንድ ጊዜ ተነስቶ
አልነሳም ብሏል።

የክፍት ፋይሎቹን ዝርዝር ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረደች፤
ጥግ ላይ አንድ ፕሮግራም፣ ስሙ «ቆጣሪ»፣
ባለቤቱ ኢማንትስ፣ አምና ጡረታ የወጣው፣
ኩልዲጋ ገብቶ ንብ አርቢ።

ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፤
እንቅልፉም አብሮት ጡረታ ወጥቷል መሰል።
«ያ ነገር እስካሁን ይቆጥራል?» ሳቀ።
«የዚያን ኅዳር ሣጥኖች ነበር የሚቆጥረው፤
የት ላይ እንደሚቆም ሳልነግረው ቀርቼ ይሆናል።
ግደዪው።»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ሳለ
«ቆይ» አለ፣ «ስንት ደርሷል?»
አነበበችለት፤ ረጅም ቁጥር ነበር።
ዝም አለ። ከሩቅ አንዲት ጀልባ ጮኸች።
«ይበቃዋል።»

ቆጣሪው ቆመ። ምስሉ ተነሳ።
ዘጠና ዘጠኙ ወደ ስድሳ አንድ ወረደ፤
ስልኩን ግን ከሁለቱ
ቀድሞ የዘጋ የለም።