ተራ

ኦሳካ፤ ስድስተኛ ፎቅ፤ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ኢሶዳ ሌሊት ይጽፋል፣ ጀርባው በካፖርት ተጋርዶ።
ስምንት ዓመት የፈጀ የጨዋታ ዓለም፣
ካርታው ላይ ስም ያልወጣለት አንድ ጉድጓድ የለም።
ጀግናው ገና አሥራ አምስቱ፤ ሰይፉ ከቁመቱ ይረዝማል።
ዘንዶ ሲገጥመው ይቆማል።
ዘንዶውም ይቆማል።
«ምታ»፣ «ከልል»፣ «ፈውስ»፣ «ሽሽ»፤ ልጁ ከአራቱ
አንዱን መርጦ እስኪጨርስ፣ አውሬው አይላወስም ከፊቱ።
ተራ በተራ ነው ጦርነቱ።

እኔ ቃል አሻጋሪ ነኝ፣ የምከፈል በቃል ቁጥር፤
ኢሶዳ ግን አንዳንዴ ቃል ትቶ ይደረድራል የነጥብ ጠጠር።
የልጁ እናት በሞተች ለታ፣
ጓደኛው ደጃፍ ድረስ መጥቶ የሚለው፦
«…»
ልጁም የሚመልሰው፦
«…»
ከዚያ ዝናብ።
ይህን ለሌላ አገር ሰው በምን አፍ ልናገር?
«አይዞህ» ብዬ ብተረጉም፣ አይዞህ አላለውም፤
ነጥቡን እንዳለ ብተወው፣ ሒሳብ ክፍሉ አያውቀውም።

ሚልዋኪ፤ ኅዳር፤ ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ ይዟል።
ለሁለት ሰዓት ሰባ ዶላር፤ ፒዛ በካርቶን ተደርድሯል።
ከመስተዋቱ ጀርባ ነን፤ እናያቸዋለን፤
እነሱ የሚያዩት ራሳቸውን።
ኮልተን የሚሉት ጎረምሳ፣ ሰዓቱ አልቆ ሲነሣ፣
የአንዲት ባልቴት ድመት ሲፈልግ ነው የቆየው፤
ሰይፉን አንዴ እንኳ ሳይመዘው።
ሎይድ ክራውስ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ እጁ ላይ የብየዳ ጠባሳ፣
መቆጣጠሪያውን አገላብጦ አየና ጥያቄ አነሣ፦
«ይሄ ዘንዶ ምን ይጠብቃል? ቀጠሮ አለው ወይ ከኔ ጋር?
ልጁስ፣ አማልክት ይገድላል፤ ይቺን ከጉልበት የማታልፍ አጥር
መዝለል ያቃተው ለምንድን ነው?»
ሳቁ። እኔም ከጀርባ ሆኜ ሳቅሁ።
ማርቫ፣ የሌሊት ነርስ፣ አልሳቀችም፦
«ይሄ የሱ ታሪክ ነው፤ የኔስ መቼ ነው የሚጀምር?
ፊቱን ልሥራው፤ መንገድ ልሳት፤ ዓለም ማዳኑ ለነገ ይደር።»
ክራውስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።
«እኔ ተራ ሰው ነኝ» አለ።
«ቀኑን ሙሉ ተራ ስጠብቅ ነው የዋልኩት፤ መለዋወጫ ሱቅ፣
ክሊኒክ፣ ከዚያ ኢንሹራንስ፤ በስልክ ሙዚቃ አርባ ደቂቃ።
ማታ ደግሞ የዘንዶ ተራ? በቃ!»

እውነቱን ነው። ጻፍሁት።

ሪፖርቱ ኦሳካ ደረሰ፣ ከገበያ ክፍሉ ማስታወሻ ጋር፦
ልጁ ይጎልምስ፤ ጢም ያብቅል፤ ሰይፉ ይጠር፤
ውጊያው ይፍጠን፤ ነጥቦቹ ይውጡ።
ኢሶዳ ቆሞ አነበበው፣ መጠጥ መሸጫው ማሽን ፊት፣
የሻይ ጣሳው መዳፉ ውስጥ እየቀዘቀዘበት።
«አጥሩስ?» አልሁት።
«አጥሩ… ገንዘብ አልቆብን ነው።»
ከዚያ፣ ሳልጠይቀው፣ ስለ ዘንዶው ነገረኝ።

ልጅ ሳለ ይንተባተብ ነበር። ክፍል ውስጥ ስሙ ሲጠራ፣
«አቤት» ጥርሱ ላይ ተሰንቅሮ፣ አልፎት ይሄድ ነበር ተራ።
መምህር ይሁን ጎረቤት፣ የገዛ ታላቅ ወንድም፣
ቃሉ እስኪወጣ ድረስ ማንም ጠብቆት አያውቅም።
«ስለዚህ አንድ አውሬ ሠራሁ፤ እሳት የሚተፋ፣ ክፉ፤
ግን አንተ ሳትመርጥ… አይከፈትም… አፉ።»

ጨዋታው ወጣ። ማዶ ብዙም አልተሸጠ።
አጥሩ አሁንም እዚያው ነው።

አንድ ነገር ግን ከሪፖርቱ አስቀርቻለሁ፤
ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።
ዝናቡ መጥቶ ነጥቦቹ ብቅ ሲሉ ከመስኮት፣
ገጹን ሁሉ ሲዘል የነበረው የክራውስ አውራ ጣት
ቁልፉ ላይ ሳይወርድ ቀረ። አራት ሰከንድ። አምስት።
ኮምፒዩተሩ ከጎኑ በቀይ መዝግቧል፦ «ተጫዋቹ ሰልችቷል።»
ሊሆን ይችላል።
ቧንቧ ሲጠግን የዋለ ሰው አውራ ጣቱም ይዝላል።
ወይም፣ አንዴ፣ ተራውን ለልጁ ለቆለት ይሆናል።